ወንበር የማይቀነስበት ጨዋታ

ለውድ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ይህን ከጠየቅሁሽ 3 ዓመት አለፈ። ጊዜ አጣሁ ብልሽ ታምኚኝ ይሆናል፤ ከሕፃናት ጋር የሚውል ሰው ጊዜ እንደሌለው ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ውሸት ይሆንብኛል። ተቀይሜሽ ነበር። አንቺም ሳይገባሽ አልቀረም።

ያን ቀን ክፍሌ መጥተሽ ከኋላ፣ በዚያች ትንሽ ወንበር ላይ ጉልበትሽን አጥፈሽ ስትመለከቺ በጣም ኮርቼ ነበር። በ12 ወንበር ላይ ፊደል ለጥፌ 13 ልጆች አቁሜያለሁ፤ የቀሩት ያጨበጭባሉ፤ ጭብጨባው ሲቆም ሮጦ የተቀመጠ የወንበሩን ፊደል ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ወንበር ያጣ ይወጣል፤ አንድ ወንበር ይቀነሳል። ሳቁ ጣራ ሊያነሳ ደርሶ ነበር። ሲያበቃ «እንዴት አየሽው?» ስልሽ፣ ስለ ሳቁ አንድም ቃል ሳትተነፍሺ ወደ ግድግዳው በአገጭሽ አመለከትሽና «ያ ልጅ ምን ተማረ?» አልሽኝ።

መጀመሪያ የወጣው ልጅ ነበር። ግድግዳ ተደግፎ የጫማውን ክር ይፈታል፣ መልሶ ያስራል፣ ደግሞ ይፈታል። እኔ ደግሞ «ሌላው ሁሉ ሲደሰት አንዱን ፈልጋ አገኘች» ብዬ በሆዴ ያዝኩብሽ። ከዚያ በኋላ የጻፍሽልኝን ደብዳቤ አንብቤ የቁጥር ካርዶቹ ሣጥን ውስጥ ወረወርኩት። ባለፈው ወር ካርድ ስፈልግ ወጣ። መጨረሻው ላይ «ለመሆኑ ከ40 በላይ ልጅ ይዘሽ ሳይረበሽ እንዴት ነው የምታጫውቺው? እኔ አልቻልኩም» ብለሻል። የዕርቅ እጅ ዘርግተሽልኝ ኖሮ እኔ በሣጥን ከድኜው ኖሬያለሁ። ይቅርታሽን።

እና አሁን ልመልስልሽ። ከዚያ ከልጁ ልጀምር፤ ምክንያቱም ጥያቄሽ በንዴትም ቢሆን አልለቀቀኝም። አንድ ቀን ያንኑ ጨዋታ እያጫወትኩ በእርሳስ ቆጠርኩ። መጨረሻ የቀረችው ልጅ 12 ጊዜ ፊደል ጠርታለች። መጀመሪያ የወጣውስ? ዜሮ! ወንበር ካላገኘ የሚጠራው ፊደል ከየት ይመጣል? ይህን ለማወቅ እርሳስም አያስፈልገኝም ነበር፤ ቁጭ ብዬ ባስበው ይበቃ ነበር። ጨዋታው ፈጣኑን 12 ጊዜ ያለማምዳል፣ ዘገምተኛውን ግድግዳ ያስደግፋል። ፈጣኖቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ ከፍ ያሉት ናቸው፤ በ4 እና በ5 ዓመት የ8 ወር ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

አሁን ወንበሩ ለሁሉም እኩል ነው፤ አይቀነስም። ጭብጨባው ሲቆም ሁሉም ይቀመጣል፣ ፊደሉን ለጎረቤቱ ይነግራል፤ ጎረቤቱ ካልተስማማ እጁን ያወጣል። ከዚያ ጭብጨባ፣ ከዚያ ሌላ ወንበር። ሩጫውም ሳቁም አልጎደለም። መጀመሪያ ቀን ብቻ አንዲት ልጅ ወገቧን ይዛ «ታዲያ ማን አሸነፈ?» አለችኝ። መልስ አላገኘሁላትም። እሷም ሳትጠብቀኝ ሄዳ መዞር ጀመረች።

ሁለተኛውን ጥፋቴን ደግሞ ሳቂበት። በፊት የቁጥር ካርዶቼን በቀለም አሳምሬ ነበር የሠራኋቸው፦ 3 ሁልጊዜ ቀይ፣ 4 ሁልጊዜ ሰማያዊ። ካርዱን ከፍ ሳደርግ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ሦስት!» ይላሉ፤ እኔ በኩራት እፋፋለሁ። አንድ ቀን ቀይ ማርከር አለቀብኝና 3ን በአረንጓዴ ጻፍኩት። ክፍሉ ዝም አለ። ወሩን ሙሉ ያስተማርኩት ቀለም ነበር! ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ጨዋታ ወደ ክፍል ከማስገባቴ በፊት አንድ ነገር እፈትሻለሁ፦ ልጁ የማስተምረውን ሳያውቅ ማሸነፍ ይችላል? ከቻለ ጨዋታው ጥሩ ጨዋታ ሊሆን ይችላል፤ ትምህርቱ ግን ውስጡ የለም፤ ከላይ የተለጠፈ ነው።

ይህን ፈተና በደንብ የሚያልፍ ካየኋቸው ሁሉ የምወደው የቁጥር መንገድ ነው። ከካርቶን የተቆረጠ ረጅም ሰሌዳ፣ በአንድ መስመር ከ1 እስከ 10 የተከታተሉ አሥር ቤቶች፣ ለመጫወቻ የጠርሙስ ቆርኪ። በዳይስ ፋንታ ትንሽ የእንጨት ኩብ ወስጄ በ3ቱ ገጽ ላይ አንድ ነጥብ፣ በ3ቱ ላይ ሁለት ነጥብ አደርጋለሁ፤ እስከ 6 የሚሄደው ዳይስ ቶሎ ያስጨርሳል። ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት፣ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡ ሕፃናት በሁለት ሳምንት ውስጥ ለ4 ጊዜ፣ በየጊዜው ለሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ያለውን ጨዋታ ተጫውተው የቁጥር ዕውቀታቸው ጨምሯል። ያንኑ በመሰለ፣ በቁጥር ፋንታ ቀለም ባለበት ሰሌዳ ቀለም እየጠሩ የተጫወቱት ግን አልጨመሩም። (የእኔን ቀይ 3 አስታወስሽ?)

ግን አንድ ደንብ አለው፤ እሱን ከጣልሽ ምንም አታገኚም። ልጁ 5 ላይ ቆሞ 2 ከደረሰው፣ ቆርኪውን እየገፋ «አንድ፣ ሁለት» ይላል። ሁሉም እንዲያ ነው የሚጀምሩት። የሚፈለገው የረገጠውን ቤት ስም እንዲጠራ ነው፦ «ስድስት፣ ሰባት»። እንዲያ ሲል ዓይኑ ምልክቱን ያያል፣ ጆሮው ስሙን ይሰማል፣ እጁ ከ1 ምን ያህል እንደራቀ ይለካል። እኔ ቆጣሪ ልጅ እመድባለሁ፤ ጓደኛው «አንድ» ብሎ ከጀመረ «ቤቱ ማን ይባላል?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ መጠየቅ ራሱ ሹመት ሆኗል፤ ተራው እስኪደርስ የሚጣሉ አሉ። ሰሌዳውንም ክብ እንዳታደርጊው። እኔ ለማሳመር ክብ ሠርቼ ነበር፤ 10 ተመልሶ ከ1 ጎን ሲቀመጥ የትኛው ሩቅ እንደሆነ ለልጅ ምኑ ይታወቃል? ቀኑ ጥሩ ከሆነ ደግሞ በጠመኔ ውጭ መሬት ላይ እሥለዋለሁ፤ ቆርኪውን ትተው ራሳቸው ይራመዱበታል።

ስለ ረብሻው ጠይቀሽኛል። ምስጢር የለኝም፤ ከጨዋታው በፊት የማቆሚያውን ምልክት አስተምራለሁ፣ እሱንም እንደ ጨዋታ። የመጀመሪያው ሳምንት በሙሉ ሐውልት መሆን ብቻ ነው። ሁሉም እንደፈለገ ይንቀሳቀሳል፣ እጄን ሳነሳ ሁሉም ሐውልት። ማኑይሌንኮ የተባሉ የሶቪየት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ያደረጉት ሙከራ አለ፦ ሕፃናትን «ሳትንቀሳቀሱ ቁሙ» ሲሏቸው ትንሽ ቆይተው ይቁነጠነጣሉ፤ «ዘብ ጠባቂ ናችሁ» ሲሏቸው ግን በጣም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆማሉ። ያው ልጅ ነው፣ ያው እግር። እኔም «ዝም በሉ» ማለት ትቼ ዘብ መቅጠር ጀመርኩ።

ሌላው የተገላቢጦሽ ጨዋታ ነው፦ «ራሳችሁን ንኩ» ስል እግራቸውን፣ «እግራችሁን» ስል ራሳቸውን። ተመራማሪዎች ሕፃናት ራሳቸውን ምን ያህል እንደሚገዙ ለመለካት ይህንኑ የመሰለ ነገር ይጠቀማሉ። ለእኔ የሚጠቅመኝ ከዕረፍት ሲመለሱ ነው፤ 2 ደቂቃ ይበቃል። የተሳሳተ አይወጣም፣ ይስቃል፣ ይቀጥላል። በተረፈ 40ውን በአንድ ጊዜ አላጫውትም። አራት አራት እየሆኑ ይቀመጣሉ፤ ግማሹ ክፍል ብቻውን ሊሠራው የሚችለውን የለመደ ሥራ ሲሠራ ግማሹ ይጫወታል። አዲስ ጨዋታ ደግሞ ለ4 ልጆች ብቻ አስተምራለሁ፤ እነሱ ለሌላው ያስተምራሉ፣ ከእኔ በተሻለ። ለማስረዳት ከ2 ደቂቃ በላይ የሚፈጅብኝን ጨዋታ ለትልልቆቹ ትቼዋለሁ።

የድምፅ ጨዋታ ላይ ብዙ አልቆይብሽም፤ አንቺ ከእኔ ትበልጫለሽ። የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ድምፅ መያዙ ለልጅ ትልቅ ዕድል ነው፤ ቃሉን በጭብጨባ ሲቆርጠው አብዛኛውን ጊዜ ፊደሉ ራሱ ነው የሚወጣው፦ «መ–ጋ–ረ–ጃ»፣ አራት ጭብጨባ፣ አራት ፊደል። «መስኮት» ላይ ግን ጭብጨባው ሁለት፣ ፊደሉ አራት ነውና ሳድሱን እስኪለምዱ ድረስ እንዲህ ያለውን ቃል አዘገየዋለሁ። መስኮት፣ መቀስ፣ መጋረጃ፣ ወንበር ብዬ «እንግዳው ማነው?» ስል ደግሞ ሁሉም በመጀመሪያው ድምፅ ይፈልጋል። እዚህ ላይ የተማርኩት አንድ ነገር ዝምታን መቻል ነው። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ገደማ ብቻ መሆኑን፣ 3 ሰከንድ ሲጠብቁ ግን መልሱ እንደሚረዝም፣ ዝም የሚሉትም እንደሚናገሩ አሳይተዋል። 3 ሰከንድ ቀላል ይመስላል። ሞክሪው፤ ክፍል ውስጥ ዘመን ነው።

የማስመሰል ጨዋታን መጀመሪያ ላይ ንቄው ነበር፤ ጥግ ላይ ጨርቅና ባዶ ሣጥን አስቀምጬላቸው፣ እኔ ደብተር ማረሚያ ጊዜ አገኝበት ነበር። የሥነ ልቦና ሊቁ ቪጎትስኪ ሕፃን በጨዋታ ውስጥ ከራሱ በአንድ ራስ የረዘመ ያህል ነው ያለው የገባኝ ሐኪም ቤት የከፈቱ ቀን ነው። ስሙን እንኳ መጻፍ የሚያታክተው ልጅ የመድኃኒት ማዘዣ ሲጽፍ አየሁት፤ ሦስት መስመር ጭረት፣ ከመሐል አንድ እውነተኛ «መ»። ለታማሚዋ አነበበላት። ተቆጥቶም «በደንብ አልጻፍኩትም፣ ቆይ» ብሎ እንደገና ጻፈው። እኔ ስንት ጊዜ «እንደገና ጻፍ» ብዬው ያለቀሰው ልጅ!

ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? አስተማሪነቴ መጣና ገብቼ «ይህ ሣጥን ምን ዓይነት ቀለም ነው? ስንት ክኒን አለ?» ማለት ጀመርኩ። ሐኪሙ ዕቃውን አስቀምጦ ሄደ። ሐኪም ቤቱ ተዘጋ። አሁን መግባት ካማረኝ ታማሚ ሆኜ ነው የምገባው፤ ሆዴን ይዤ ተራ እጠብቃለሁ። «ሐኪም፣ በቀን ስንት ጊዜ ልውሰድ?» ስለው ጣቶቹን አይቶ «3... አይ፣ አንቺ ትልቅ ነሽ፣ 4» አለኝ። ያን ቀን ስለ ቁጥር ሌላ ምንም አልጠየቅሁም።

ደግሞ ይህችን ልጨምርልሽ፤ ያኔ አብረን ስንማር የሸመደድነው ነው። ጀርመናዊው የትምህርት ሊቅ ፍሪድሪክ ፍሮብል እ.ኤ.አ. በ1837 የሕፃናት ተቋሙን ከፍቶ፣ በ1840 ነው «የልጆች አትክልት ቦታ» ብሎ የሰየመው። እኛ «አጸደ ሕፃናት» ስንል አጸድ ያው የተክል ቦታ መሆኑን ለፈተና እንጂ ለነገሩ አስበነው እናውቃለን? ሰሞኑን በሩ ላይ የተጻፈውን ሳይ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ።

አሁን የምጠይቅሽ ነገር አለኝ፤ ደብዳቤውን ያስጀመረኝም እሱ ነው መሰለኝ። ዘንድሮ አንድ ልጅ አለኝ። ወንበር አልቀንስም፣ ማንም አያስወጣውም፤ እሱ ግን ራሱ አይገባም። ከግድግዳው አጠገብ ቆሞ ያያል። ያው ግድግዳ። ተመራማሪዋ ሚልድረድ ፓርተን እ.ኤ.አ. በ1932 የልጆችን ጨዋታ ስትመድብ «ተመልካች» ብላ ለብቻው ቦታ ሰጥታዋለች፤ ስለዚህ ችግር ነው ብዬ አልቸኮልኩም። ሦስት ሳምንት ሆነው። ትናንት አራቱ ልጆች በቁጥር መንገድ ሲጫወቱ ከኋላቸው ቆሞ ነበር። አንዷ 7 ላይ ሆና 2 ደረሳትና «አንድ...» ብላ ጀመረች። እሱን ሳየው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ «ስምንት፣ ዘጠኝ»። ድምፅ የለውም።

ዛሬ ጠዋት አምስተኛ ቆርኪ ሰሌዳው አጠገብ አስቀምጬ ሄድኩ፤ ምንም አላልኩም። ልጁ አልነካውም። ቆርኪው እስከ ምሳ ሰዓት እዚያው ነበር። ነገ ልድገመው ወይስ ልጠራው? አንቺ ከሩቅ ሆነሽ ያን ያየሽ ሰው፣ ይህንንስ ምን ትይዋለሽ? አድራሻዬ አልተለወጠም። አታቆዪብኝ፤ እኔ እንዳቆየሁብሽ አይሁን።

ያንቺው ጓደኛ