የቅርጫት ኳስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ የመጨረሻዋ ኳስና የመጀመሪያው ኳርተር

ክበባችን ዘንድሮ ከልምምዱ ጎን ለጎን አንድ ክርክር ይዞ ከርሟል። ጨዋታ የሚያሸንፈው በመጨረሻው ደቂቃ የሚያስቆጥር ነው ወይስ ከመጀመሪያው ኳርተር (ከአራቱ የጨዋታው ክፍሎች ከአንደኛው) ጀምሮ የሚሰበስብ? አብዛኞቹ ተማሪዎች ያደሉት ለመጨረሻው ደቂቃ ነው። አይፈረድባቸውም፤ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ሜዳ ዳር ቆሞ ያየ ሰው ሰፈሩ ሲገባ የሚያወራው ስለ መጨረሻዋ ኳስ ነው። በሦስተኛው ደቂቃ የተሳተችውን ሌይ አፕ፣ ማለትም ቅርጫቱ ሥር ተቀርቦ የሚወረወረውን ቀላል ኳስ፣ የሚያነሳ የለም።

እሷን እንዳንረሳት ደብተር ያዝን። ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ገጽ በአራት ዓምድ ይከፈላል፤ ለየኳርተሩ አንድ። የገባች ሙከራ በክብ፣ የሳተች በኤክስ ትመዘገባለች። ሌይ አፕ ከሆነች ከጎኗ «ሌ»፣ ነፃ ውርወራ (ተጋጣሚ ሲያጠፋ ያለ ተከላካይ የሚወረወር) ከሆነች «ነ» ይጻፋል። መዝጋቢዎቹ ሁለት መሆን አለባቸው፤ አንዱ እያየ ይናገራል፣ ሌላው ይጽፋል። ብቻውን የያዘ ሰው አቀርቅሮ ሲጽፍ ቀጣዩ ሙከራ ያመልጠዋል። ጨዋታው ሲያልቅ መጀመሪያ የሚቆጠሩት በአንደኛው ዓምድ ያሉት «ሌ» እና «ነ» የተጻፈባቸው ኤክሶች ናቸው። በሁለት ነጥብ የተሸነፈ ቡድን እዚያ አንድ «ሌ» እና አንድ «ነ» ካገኘ፣ ሁለትና አንድ፣ ሦስት ነጥብ ገና በጠዋቱ ጥሏል ማለት ነው።

ሌይ አፕ የሚሳተው በአብዛኛው ተጫዋቹ በቀጥታ ሪንጉ (የቅርጫቱ ብረት ክብ) ሥር ስለሚገባ ነው። ከጎን፣ ወደ 45 ዲግሪ በሚጠጋ አቅጣጫ መጥቶ ቦርዱ ላይ ያለውን አራት ማዕዘን ወደ እሱ በሚቀርበው የላይኛው ጥግ መምታት አለበት። የእኛ ቦርድ አራት ማዕዘን በፀሐይና በዝናብ ደብዝዞ ስለነበር በደንቡ ልክ፣ 59 ሴንቲ ሜትር ወርድና 45 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ እንደገና ተቀባ። የታችኛው መስመር የላይ ጠርዝ ከሪንጉ እኩል መሆኑን በውሃ ልክ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ዝቅ ብሎ ከተቀባ ልጆቹ ዝቅ አድርገው መምታት ይለምዳሉ።

የመጨረሻዋ ነጥብ ክብደት የላትም ማለት ግን አይደለም። እኩል በሆነ ጨዋታ አሥር ሰከንድ ሲቀር የገባች ኳስ ተጋጣሚን መልስ መስጫ ጊዜ ታሳጣዋለች፤ በመጀመሪያው ደቂቃ ለገባችው 39 ደቂቃ አለው። ነገር ግን ጨዋታውን እኩል ያደረጉት የቀደሙት ነጥቦች ናቸው። የአሜሪካው ሊግ ኤንቢኤ «ክለች» (ወሳኝ ሰዓት) የሚለው የአራተኛው ኳርተር ወይም የጭማሪ ሰዓት የመጨረሻ 5 ደቂቃ ሆኖ ልዩነቱ ከ5 ነጥብ ያልበለጠበትን ጊዜ ነው። በጊዜ 20 ነጥብ የመራ ቡድን እዚያ ላይደርስም ይችላል፤ የሥራው ጥሩነት ራሱ ከዚህ ቆጠራ ያስወጣዋል። ደግሞም በዓመት ጥቂት የመጨረሻ ኳሶችን ብቻ የወረወረ ልጅ ብልሃተኛ ይሁን ዕድለኛ በዚያ ብቻ አይለይም።

ተማሪዎቹ ደጋግመው የጠቀሱት ማያሚና ሳን አንቶኒዮ የተገናኙበትን የ2013 እ.ኤ.አ. የኤንቢኤ ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታን ነው። የማያሚው ሬይ አለን 5.2 ሰከንድ ሲቀር በሦስት ነጥብ 95 እኩል አደረገ፤ ማያሚ በጭማሪ ሰዓት 103 ለ 100 አሸነፈ። ግን ከሳን አንቶኒዮ በኩል እንየው። ቲም ደንከን በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ 25 ነጥብ አስቆጥሯል፤ ሦስተኛው ኳርተር ሲያልቅ ቡድኑ በ10 ይመራ ነበር። በመጨረሻዎቹ 30 ሰከንዶች የዚያው ቡድን ጂኖቢሊና ሌናርድ ከሁለት ሁለት ነፃ ውርወራ አንድ አንድ ሳቱ። ከሁለቱ አንዷ ብትገባ የአለን ኳስ እኩል ለማድረግ አትበቃም ነበር። እኔ የማምነው እዚህ ጋ ነው፤ የመጨረሻው ሰዓት የሚጠይቀው ድንቅ ወርዋሪ ሳይሆን ቀላሉን ነገር ደክሞትም የማይስት ሰው ነው።

ስለዚህ ነፃ ውርወራ በደከመ እግር ይለመዳል። የሜዳውን ርዝመት፣ 28 ሜትሩን፣ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ሮጦ ወዲያው ሁለት መወርወር። የደከመ ልጅ ኳስ አጥራ የሪንጉን ፊት ትመታለች፤ ጉልበቱን ሳያጥፍ በክንዱ ብቻ ስለሚገፋ ነው። ደንቡ የሚሰጠውን 5 ሰከንድ ሳይቸኩል ተጠቅሞ፣ አየር አስወጥቶ፣ ጉልበት አጥፎ መወርወር ነው መፍትሔው።

ሌላው የዓርብ ልምምድ «ሁለት ደቂቃ» ይባላል። አንዱ ቡድን በሦስት ይመራል፣ በኳርተሩ አራት የቡድን ፋውል (ጥፋት) አለበት፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል። ሁልጊዜ የሚደገመው ስህተት ተመሪው ኳስ እንዳገኘ ከሩቅ መወርወሩ ነው። አንድ ቡድን ኳስ ይዞ ለመወርወር ያለው 24 ሰከንድ ነው፤ 120 ሰከንድ በ24 ሲካፈል 5 ነው፤ ሁለቱም ቡድኖች ሰዓታቸውን ሙሉ ቢጠቀሙ እንኳ ኳስ አምስት ጊዜ ያህል ትመላለሳለች። ፈጣን ሌይ አፕ አግብቶ መከላከል ይበቃል። የመሪው ስህተት ደግሞ ከሜዳው መሃል ድሪብል የሚያደርገውን (ኳስ እያነጠረ የሚሄደውን) ልጅ ነክቶ ፋውል መሥራት ነው። አምስተኛው ፋውል ስለሆነ፣ ሰዓቱ ቆሞ፣ ሁለት ነፃ ውርወራ በስጦታ ይሰጣል።

ለ2018 ዓ.ም. ክበቡ አራት አዲስ መዝጋቢ ይፈልጋል፤ መጫወት መቻል ግዴታ አይደለም። ባለ ካሬ ደብተርና ሁለት ቀለም እስክሪብቶ ይዞ በመጀመሪያው ዓርብ የክበብ ሰዓት ሜዳው ላይ መገኘት በቂ ነው።