85 ሺህ ብር ለ2 ፒኤስአይ

ለጋራዡ ባለቤት፣

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ስደውል "ይደውሉልሃል" እየተባልኩ ወር ሊሞላኝ ነው፤ ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን።

ጎማ ቁጠባ ሰፈር ባለው ግቢያችሁ ያስገባሁት ያማሃ ጄት ስኪ (የውሃ ላይ ሞተር ሳይክል) ትዝ ይልዎታል፣ ልጆቹ "መርከብ መጣ" ብለው የሳቁበት። አሮጌ ነው፣ አልክድም። ባለ ሁለት ሲሊንደር ቱ ስትሮክ ነው፤ ጉልበት አጥቶ፣ ለመነሳትም እያስቸገረ ነበር። መካኒካችሁ ካንዴላዎቹን ፈቶ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጥረውን ግፊት፣ ለካ። የፊተኛው 112፣ የኋለኛው 70 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው)። የኋለኛው መታመሙን እኔም አየሁ። እሱ ግን "መጽሐፉ 150 ነው የሚለው፣ ሁለቱም ሞተዋል" አለኝ። አመንኩት፤ ምን አውቃለሁ?

ፒስተን፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ የቶርኖ ቤትና የእጅ ዋጋ ተደምሮ 85,000 ብር ከፈልኩ። ከሥራው በኋላ የተለካውን ራሳችሁ ወረቀቱ ላይ ጽፋችኋል፦ የፊተኛው 114፣ የኋለኛው 113። እስቲ ቁጥሩን ይዩት። የፊተኛው አዲስ ፒስተንና አዲስ ፋሻ ገብቶለት የጨመረው 2 ብቻ ነው! ሞቷል የተባለው ጤነኛ ነበር ማለት ነው።

150 የባህር ወለል ቁጥር ነው (ባሕር ዳር ከተማ ማለቴ አይደለም፣ እሷም 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት)። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ የባህር ወለሉን ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ፒስተኑ የሚጨምቀው ይህንኑ የሳሳ አየር ነው፤ የ150 ሦስት አራተኛ ደግሞ 112 ገደማ ነው፤ ታዲያ 150 ከየት ያምጣው?

እሱስ ገንዘብ ነው ልበል። የባሰው ካርቡሬተሩ ነው። መካኒካችሁ "ጭስ በዛ" ብሎ እዚያው ግቢ ውስጥ በጆሮው እያዳመጠ ቤንዚኑን ቀነሰ። የምነዳው ግን ላንጋኖ ነው፣ ከ700 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ። እዚያ አየሩ ወፈር ስለሚል ለአዲስ አበባ የተቀነሰው ቤንዚን ጭራሽ ያንሳል። ዘይቱን ከቤንዚን ጋር ቀላቅዬ ስለምሞላ ደግሞ ቤንዚን ሲያንስ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ቅባቱም ይቀንሳል። ውሃው ላይ 20 ደቂቃ ሳልሞላ ሞተሩ ጮኸና ቀጥ አለ። ልጆቼ ዳር ቆመው እያዩ በሰው ጀልባ ተጎትቼ ወጣሁ።

እዚያ ያለ የጀልባ መካኒክ ሲለካው የኋለኛው ወደ 60 ወርዷል። የኋለኛውን ካርቡሬተር ፈትቶ ውስጡ ያለችውን ትንሽ የቤንዚን ወንፊት አሳየኝ፤ በቤንዚን ዝቃጭ ተደፍናለች። "መጀመሪያም የጎዳው ይሄ ነው" አለኝ። እናንተ ፒስተኑን ስትቀይሩ ይህን አልከፈታችሁትም።

የፊተኛው ሲሊንደር ወጪ በሙሉ ይመለስልኝ። የኋለኛው በእናንተ ወጪ እንደገና ይሠራ፣ ሁለቱም ካርቡሬተሮች ከነወንፊታቸው ይጽዱ። አሮጌውን የፊት ፒስተን ስጠይቅ "ተጥሏል" ተብያለሁ፤ ካልተጣለ እፈልገዋለሁ። የቤንዚን ማስተካከያው ደግሞ ላንጋኖ ላይ ይሁን። የመካኒኩን ትራንስፖርት እችላለሁ፣ ዓሣም አበላዋለሁ።

እስከ ሰኞ ካልደወላችሁ ወረቀቱን ይዤ በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት አቤት እላለሁ። ጄት ስኪው ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ተጎታቹ ላይ ነው፤ የሰፈር ልጆች እየወጡበት ፎቶ ይነሳሉ።