በአንደኛው ደረጃ ላይ ይንገሩኝ

መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኪዩርፒፕ፣ ሞሪሸስ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቹ ከናፍቆትዎ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ይህን የምለው ለደብዳቤ ወግ ያህል ብቻ አይደለም፤ ባለፈው ወር በሬዲዮ የሰሙት ጋራንስ የተባለው አውሎ ነፋስ ዳር ዳራችንን ነክቶ አለፈና የካቲት 21 ቀን ጎረቤታችን ሬዩኒየን ደሴት ላይ ወረደ። እዚያ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ መብራትና ውሃም ለብዙ ቤት ተቋርጦ ሰንብቷል።

ወንድሜ እንደነገረኝ «ይህ ነፋስ ለምን በየዓመቱ እነሱን ይፈልጋቸዋል?» ብለው ጠይቀዋል። ጂኦግራፊን በጠመኔ ሥለው ያስተማሩኝ እርስዎ ሆነው ሳለ እኔ ለእርስዎ ማስረዳቴ ድፍረት ቢሆንም ልሞክር። ወቅቱ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው። እዚህ ሙቀቱ የሚበረታበት ጊዜ በመሆኑ የባሕሩ ገጽ ከ26 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይሞቃል፤ ከባሕሩ የሚነሣው እንፋሎት ከፍ ብሎ ወደ ደመናነት ሲለወጥ የያዘውን ሙቀት ይለቃል፤ ያ ሙቀት ደግሞ ከሥር ሌላ እርጥብ አየር ይስባል፤ የምድር መሽከርከር ሲጨመርበት ሁሉም በአንድ ማዕከል ዙሪያ መዞር ይጀምራል። ኃይሉ የሚመነምነው ሰፊ የብስ ላይ ሲወጣ ነው፤ የእኛ ደሴት ግን ከዳር እስከ ዳር በመኪና ከሁለት ሰዓት በታች የምታልቅ ስለሆነች ነፋሱን ለማድከም አትበቃም። ዝናቡንስ ቢያዩት! ሬዩኒየን ላይ በ1958 ዓ.ም. ዴኒዝ በተባለው አውሎ ነፋስ ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ 1,825 ሚሊ ሜትር ዘንቦ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኗል። ደብረ ማርቆስ ክረምት ከበጋ ተደምሮ በዓመት ከምታገኘው ይበልጣል።

ልጆቹ ጤነኞች ናቸው። ትልቁ ቁመቱ እኔን አልፏል፤ እግሩም በየጊዜው አዲስ ጫማ ይፈልጋል። ትንሿ በላቲን ፊደል ተራ የሚወጣላቸውን የነፋሶቹን ስም ፍሪጁ በር ላይ እየጻፈች፣ ከአንቻ ጀምራ በቺዶና በጋራንስ አልፋ፣ አሁን ጁድ ላይ ደርሳለች። ማታ ስትጸልይም በየስማቸው እየጠራች «እንዳይመጡብን» ትላለች፤ የነፍስ አባትዎ ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አላውቅም።

እዚህ ማስጠንቀቂያው በአራት ደረጃ ይወጣል። አንደኛው ሲታወጅ አደጋው ገና አንድ ቀን ተኩል ወይም ሁለት ቀን ይቀረዋል፤ ሰው ሻማ፣ ባትሪ፣ ሰርዲንና ዳቦ ይሸምታል፣ በግቢው ያለውን ልቅ ቆርቆሮ ያነሣል፣ ያለውን ዕቃ ሁሉ ውሃ ይሞላል። በሦስተኛው ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። አራተኛው የሚታወጀው በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ነፋስ ሲመዘገብ ነው፤ ከዚያ በኋላ በር አይከፈትም። አማቴ የ1952ቱን ካሮል የተባለውን አውሎ ነፋስ ያስታውሳሉ። የነፋሱ ዓይን፣ ማለት ጸጥ ያለው መሐሉ፣ ደሴቲቱ ላይ ሲደርስ ድንገት ጸጥ አለ፣ አለፈልን ያለው ሰው ወደ ደጅ ወጣ፣ ከዚያ ነፋሱ በተቃራኒው አቅጣጫ መጣ ይላሉ። ያን ጊዜ ብዙው ቤት የእንጨትና የሣር ነበር፤ ሰዉ ወደ ኮንክሪት የዞረው ከዚያ ወዲህ ነው። በኮንክሪቱ ቤትም ቢሆን ውሃው የሚመጣው ከላይ ሳይሆን ከጎን ስለሆነ በበሩ ሥር ይገባል። እኔና ባለቤቴ ፎጣ ጠቅልለን እንወትፋለን፤ ሲርስ ባልዲ ላይ ጨምቀን መልሰን እንወትፋለን፤ እስኪነጋ ሥራችን ይኸው ነው።

የፈረንሳይ ግዛት በሆነችው በማዮት ደሴት ላይ ታኅሣሥ 5 ቀን ቺዶ ሲወርድ ማስጠንቀቂያው አልጎደለም ነበር። ነገር ግን ከኮሞሮስ ያለ ፈቃድ ተሻግረው በቆርቆሮ ቤት ከሚኖሩት ብዙዎቹ፣ መጠለያ ብንገባ ተይዘን እንባረራለን ብለው ከቤታቸው ሳይወጡ ቀሩ። በመንግሥት የተመዘገቡት ሟቾች 40 ገደማ ናቸው፤ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም በመሆኑና ሬሳ ሳያሳድር ስለሚቀብር ግን ሳይመዘገቡ የተቀበሩ ይኖራሉ ብሎ ቁጥሩን የተጠራጠረው ብዙ ነው።

ሬሳ ሳያሳድሩ መቅበር የእኛም አገር ልማድ ነው። ለዚህ ነው የማዮትን ወሬ ስሰማ እማዬን ማሰቤ የማይቀረው።

የካቲት 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍሬዲ ከሞሪሸስ በስተሰሜን ሲያልፍ አውሮፕላን ማረፊያው ተዘግቶ ነበር። ፍሬዲ ከአውስትራሊያ ወገን ተነሥቶ ሕንድ ውቅያኖስን በሙሉ ያቋረጠ፣ ማዳጋስካርንና ሞዛምቢክን መትቶ ማላዊ ድረስ ሰው የፈጀ፣ ከ5 ሳምንት በላይ የቆየ ነፋስ ነው። በዚያው ሳምንት እማዬ ዐረፈች፤ በዕለቱም ተቀበረች። እናንተም «መንገድ የለም፣ በምን ትመጣለች፣ ለምን እናስጨንቃታለን» ተባባላችሁ። መርዶው የደረሰኝ ከሰልስቱ በኋላ ነው፤ ያውም ከእርስዎ አፍ ሳይሆን፣ በሩቅ ከማውቃቸው ሰዎች፣ ማለዳ በሬን አንኳኩተው። አውሮፕላን ማረፊያው እኮ ነፋሱ እንዳለፈ ተከፍቶ ነበር፤ ለቀብሩ ባልደርስ ለሰልስቱ እደርስ ነበር። ይህንንም ልተወው። እማዬ አልጋ የያዘችው ግን ከጥምቀት በፊት ነው፤ ያን ጊዜ እዚህ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ አውሮፕላንም በየቀኑ ይነሣ ነበር። ፍሬዲን እንኳ እኛ ዘንድ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት አስቀድመን በስሙ እናውቀው ነበር። የእናቴን ሕመም የሰማሁት ከሞቷ ጋር አብሮ ነው። እስከ ዛሬ በስልክ ይህን ያላነሣሁት ይቅር ስላልኩ አይደለም፤ ድምፅዎን ስሰማ አንጀቴ ስለማይችል ነው።

አሁንም ያው እየሆነ ነው። ደጅ ላይ አዙሮ እንደጣለዎት፣ ሐኪሙም አዲስ አበባ ሄደው ልብዎን እንዲታዩ እንደጻፈልዎት የሰማሁት ወንድሜን አምልጦት ነው። እርስዎ ግን ባለፈው እሑድ ስደውል ስለ ጤፍ ዋጋ ሲያጫውቱኝ ቆይተው «እኛ ደህና ነን፣ ለራስሽ ተጠንቀቂ» ብለው ዘጉ። መድኃኒቱን ከምግብ ጋር ይውሰዱ ተብሎ ታዝዞ ሳለ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾሙ በባዶ ሆድ እንደሚውጡትም ሰምቻለሁ። ለታመመ ሰው ጾም እንደሚፈታ እርስዎ ራስዎ ነበሩ ለእማዬ የሚነግሯት፤ እባክዎ የነፍስ አባትዎን ያማክሩ።

አባባ፣ ሠርተው ከሚያገኙት ላይ ቀንሰው ያስተማሩኝን፣ ከአገር ስወጣም ሳያለቅሱ የሸኙኝን አልረሳሁም። አሁን የምፈራውን ግን ልጻፈው፤ ዳግመኛ መርዶ ነጋሪ በሬን እንዲያንኳኳ አልፈልግም። ሕመምዎን በአንደኛው ደረጃ ላይ ሳለ ይንገሩኝ። በሦስተኛው አውሮፕላን የለም፤ በአራተኛው የምችለው በር ዘግቶ ማልቀስ ብቻ ነው። ብጨነቅም ልጨነቅ፤ የእርስዎ ልጅ ነኝና ድርሻዬ ነው።

ለዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ትኬት ቆርጫለሁ፤ ልጆቹን ትምህርት ስላለባቸው ለአባታቸው ትቼ ብቻዬን እመጣለሁ። ወንድሜ የአዲስ አበባውን ቀጠሮ ለዚያ ሳምንት ያስይዝ፤ እኔ አብሬዎት እገባለሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ ካዞረዎት ግን እኔንም ፋሲካንም ሳይጠብቁ ይሂዱ፣ በዚያው ዕለትም ያስደውሉልኝ፤ እዚህ ሌሊት ቢሆንም ስልኬ አይዘጋም። ሐኪሙ የጻፈልዎትን ወረቀትና የመድኃኒቶቹን ስም ወንድሜ ዛሬውኑ ፎቶ አንሥቶ ይላክልኝ። ወደ ሽንት ቤቱ በሚወስደው ደረጃ ላይም የእጅ መደገፊያ ብረት ይበየድ፤ ገንዘቡን በወንድሜ ስም ልኬያለሁና «ለክረምት ይደርሳል» ብለው እንዳያቆዩት።

ልጅዎ