ለደንበኞቻችን፦ ከድጋፍ ግንባችሁ ጀርባ ስለሚጠራቀመው ውሃ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ክረምቱ ሊገባ ሲል ፕሮፎርማ የሚጠይቁን ሰዎች ይበዛሉ። ከእነሱም ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ነገር ይሉናል፦ «ግንቡን ብቻ ሥሩልኝ፤ የውሃ ማስወገጃው ይቅር፣ ገንዘብ ይቆጥብልኛል።» አነጋገሩ ከየት እንደመጣ ይገባናል። ሲሚንቶው ተወዷል፣ ድንጋዩ ተወዷል፣ የጭነቱም ዋጋ አለ። ከግንብ ጀርባ የሚቀበር ጠጠርና ቱቦ ደግሞ ለዓይን የሚታይ ነገር አይደለም። እኛ ግን ያቺን መስመር ከፕሮፎርማው ላይ አንሰርዝም። ለምን እንደማንሰርዛት ቁጭ ብለን ልናስረዳችሁ ፈለግን።

ድጋፍ ግንብ የሚሠራው አፈር እንዲይዝ ነው። ውሃ እንዲገድብ አይደለም። 1 ሜትር ኩብ ውሃ 1 ቶን ይመዝናል። ግንባችሁ 3 ሜትር ቁመት ቢኖረውና ከጀርባው ውሃ እስከ አናቱ ቢሞላ፣ ውሃው ብቻውን እያንዳንዱን የግንቡን የርዝመት ሜትር በ4.5 ቶን ያህል ይገፋዋል። ግንቡ 10 ሜትር ከረዘመ 45 ቶን መሆኑ ነው። የአፈሩ ግፊት ከዚህ ላይ ይደመራል። በተለመደ አፈር ላይ ሲሰላ፣ ውሃ የሞላበት ግንብ ውሃው ከወረደለት ግንብ እጥፍና ከዚያ በላይ ጫና ይሸከማል። ግንቡ ከዓመት ዓመት ቀጥ ብሎ ቆሞ አንድ ነሐሴ ላይ ድንገት ሲደረመስ፣ ሰው ቶሎ «ሲሚንቶው አንሶ ነው» ይላል። አንዳንዴ እውነት ነው። እኛ ግን መጀመሪያ የምናየው ከጀርባው ውሃ መውጫ ነበረው ወይ የሚለውን ነው።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ነገር ይከብዳል። በሽሮሜዳ፣ በጉለሌ፣ በየካ ተራራ ሥር ቤት የሚሠራው ዳገቱን ቆርጦ በመደልደል ነው። ከላይ ያለው ጎረቤት ግቢ፣ መንገድና ጣሪያ ውሃውን ወደ ታች ይልካል። በዚያ ላይ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል፤ አፈሩ ሳይደርቅ ሌላ ይጨመርበታል። በቦሌና በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ደግሞ ሜዳ ቢሆንም ጥቁር አፈር አለ። ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል። ሲያብጥ ራሱ ግንቡን ይገፋል። ከቁፋሮው የወጣውን ጥቁር አፈር መልሶ ከግንቡ ጀርባ መሙላት ስለዚህ ትልቅ ጥፋት ነው። የጭነት ዋጋ ለመቆጠብ ሲባል ግን በየሰፈሩ ይደረጋል።

ደህና የተሠራ ማስወገጃ ምን ይመስላል? ከግንቡ እግር ሥር፣ ከጀርባ በኩል፣ ቀዳዳ ያለው ከ100 እስከ 110 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ ይዘረጋል። ቱቦው በየሜትሩ ቢያንስ 1 ሴንቲሜትር ወደ መውጫው ማዘንበል አለበት። ዙሪያውንና ከበላዩ ንጹሕ ጠጠር ይሞላል፤ ውፍረቱ 30 ሴንቲሜትር ያህል ሆኖ ከግንቡ ጀርባ ጋር እስከ አናቱ አቅራቢያ ይወጣል። ጠጠሩ አቧራና አሸዋ የተቀላቀለበት ከሆነ ውሃ በደንብ አያሳልፍም። በጠጠሩና በአፈሩ መካከል ጂኦቴክስታይል የሚባለው ጨርቅ ይገባል። ውሃውን ያሳልፋል፣ ጭቃውን ያስቀራል። ብዙ ሰው ይህን ጨርቅ እንደ ቅንጦት ያየዋል። ከሁሉም ቀድሞ እንዳይቀር የምንከራከርለት ግን እሱ ነው፤ ጨርቁ ከሌለ ጠጠሩ ቀስ በቀስ በጭቃ ይደፈንና የወጣበት ገንዘብ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

በግንቡ ፊት ለፊት ብቅ ብቅ የሚሉትን ትንንሽ ቱቦዎች፣ ዊፕ ሆል የምንላቸውን፣ ታውቋቸዋላችሁ። ከ1.5 እስከ 2 ሜትር እየተራራቁ፣ ወደ ውጭ ትንሽ ዘንበል ብለው መቀመጥ አለባቸው። ነገር ግን ቱቦ ስለታየ ብቻ ሥራው ተሠርቷል ማለት አይደለም። የቱቦው የጀርባ አፍ በጭቃ የተደፈነበት፣ ወይም ሲገነባ ሲሚንቶ ገብቶ የደረቀበት ግንብ ብዙ ነው። ክረምት ላይ ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ውጡና እዩ። ከቱቦዎቹ ጠብ የሚል ነገር ከሌለና በድንጋዮቹ መጋጠሚያ በኩል ውሃ የሚያልብ ከሆነ፣ ቱቦዎቹ እየሠሩ አይደለም።

ሥራውን ለእኛም ስጡ ለሌላ፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ነገር አጥብቃችሁ ጠይቁ፦ ውሃው መጨረሻ ላይ የት ይወጣል? ባለሙያው በእጁ ጠቁሞ ቦታውን ካላሳያችሁ አትፈርሙ። ወደ ጎረቤት ግቢ መልቀቅ መልስ አይደለም፤ ለጠብ በር መክፈት ነው። ወደ ሴፕቲክ ታንክ ማስገባትም አይሆንም፤ በአንድ ዝናብ ይሞላል። ሁለተኛ፣ ቱቦው፣ ጠጠሩና ጨርቁ ከነመጠናቸው በፕሮፎርማው ላይ ለየብቻ ይጻፉ። «ድሬኔጅ፣ በጥቅል» ተብሎ የተጻፈ ነገር ኋላ ላይ ለክርክር እንጂ ለሌላ አይሆንም። ሦስተኛ፣ አፈር ከመሞላቱ በፊት ራሳችሁ መጥታችሁ እዩት። ውጭ አገር ያላችሁ ደንበኞቻችን ደግሞ ሜትሩ ተዘርግቶበት የተነሣ ቪዲዮ ይላክላችሁ። በቱቦው አናት ላይ ባልዲ ውሃ አፍስሰው በመውጫው ሲፈስ ያሳዩአችሁ። ክፍያውንም በዚሁ ልክ ከፋፍሉት፤ ይህ ሳይታይ የመጨረሻው ገንዘብ አይለቀቅ። እኛም በዚህ መንገድ ነው የምንዋዋለው።

ግንቡ ቁመቱ ከፍ ያለ ከሆነ፣ ወይም ከበላዩ ቤት ወይም መኪና የሚቆምበት ቦታ ካለ፣ ግንበኛ ብቻ አይበቃም። ስሌቱን የሚሠራ መሐንዲስ ያስፈልጋል። የግንባታ ፈቃዱንም ቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

አሁን ስለ ጊዜው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ከቆመ ግንብ ጀርባ አንቆፍርም። ማንም እንዲቆፍርላችሁ አትፍቀዱ። የረሰረሰ አፈር ያለምንም ማስጠንቀቂያ ይናዳል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ሠራተኛም ይቀብራል። በደረቅ ወራትም ቢሆን በአጭር በአጭሩ እየቆፈርንና እየሞላን ነው የምንሄደው።

ግንባችሁ ቀድሞ የተሠራ ከሆነስ? ሁልጊዜ ማፍረስ ወይም መቆፈር አያስፈልግም። መጀመሪያ ጣሪያችሁን ተመልከቱ። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊሜትር ዝናብ ቢወርድ 3,000 ሊትር ውሃ ነው፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል 15 ይሞላል። ይህ ሁሉ በአሸንዳ ወርዶ ከግንቡ ጀርባ የሚፈስ ከሆነ፣ አሸንዳውን በቱቦ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድና ከግንቡ በላይ በሲሚንቶ የተለሰነ ቦይ መሥራት ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ይህን በክረምትም መሥራት ይቻላል። ከዚያ ካለፈ ከፊት በኩል ግንቡን በማሽን በስተን አዲስ ዊፕ ሆል እናወጣለን።

ግንቡ ሆድ አውጥቶ ከሆነ፣ ወደ ፊት ካዘነበለ፣ ወይም ከበላዩ ያለው መሬት ከግንቡ ጎን ለጎን ከተሰነጠቀ ግን ጉዳዩ የቀጠሮ ጉዳይ አይደለም። ልጆችን ከሥሩ አርቁ፣ መኪና ከበላዩ አታቁሙ፣ በዚያው ቀን ደውሉልን። እኛ ካልደረስን ሌላ መሐንዲስ ጥሩ።

ለጉብኝት ስትደውሉ የግንቡን ቁመትና ርዝመት በግምትም ቢሆን ንገሩን። ከፊት፣ ከጎንና ከበላይ ፎቶ አንሥታችሁ በቴሌግራም ላኩልን። የጣሪያው ውሃ የሚወርድበትን ቦታ የሚያሳይ ፎቶም አይቅር። ቁፋሮ የሚጠይቀውን ሥራ ከሰኔ በፊት ለመጨረስ የግንቦት ቀጠሮዎችን አሁን እየያዝን ነው። ያልደረሰው ክረምቱ ካለፈና አፈሩ ከጠነከረ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ይቀጥላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የግንብና የውሃ ማስወገጃ ሥራ ክፍላችሁ