የታሪክ ክበብ፦ ከተለቀቁ በኋላ ያለው መንገድ

ክበባችን ዘንድሮም ቅዳሜ ቅዳሜ ከአማርኛ ትምህርት በኋላ ሲሰበሰብ ከረመ። ልጆቹ የአሜሪካን አብዮት በመደበኛ ትምህርት ቤታቸው ተምረውታል። እኛ የመረጥነው ብዙ የማይነሳውን፣ በአብዮቱ ጦርነት ጊዜ በጠረፍ አካባቢ በእንግሊዞችና በነባር ሕዝቦች የተማረኩትን ሰፋሪዎች ጉዳይ ነው። የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ኬንታኪ ደግሞ ያኔ የቨርጂኒያ ግዛት ነበረች።

በጁን 1780 የእንግሊዙ ሻምበል ሄንሪ በርድ ከሾኒና ከሌሎች ነባር ሕዝቦች ተዋጊዎች ጋር መድፍ ይዞ መጣ። ሊኪንግ ወንዝ አጠገብ የነበሩት የረድልና የማርቲን ምሽጎች እጅ ሰጡ። ሾኒዎች የሚዋጉት አደን የሚያድኑበት መሬት ሰፋሪ ስለገባበት ነው፤ ይህንን ልጆቹ ሳይረዱ ወደፊት አልሄድንም። ሴትና ሕፃን ሳይቀር ከ300 በላይ ሰው ተማረከ። ብዙዎቹ በእግር ወደ ዲትሮይት ተነዱ።

ዓመቱን አብዛኛውን የወሰደብን ግን የመልሱ ጉዞ ነው። ካርታ ዘርግተን በጣት ተከተልነው። ከዲትሮይት በጀልባ የኢሪንና የኦንታሪዮን ሐይቆች አቋርጦ ሞንትሪያል፣ ከዚያ በሻምፕሌይን ሐይቅ ወደ ኒውዮርክ። በዚህ በኩል የመጣ የኬንታኪ ሰው አልባኒ ሲደርስ ገና ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል። ስንቅ፣ ልብስና የይለፍ ወረቀት የሚሰጥ ሰው ካልተገኘ መለቀቁ ብቻ ምን ይፈይዳል?

አንዳንዱ የሚለቀቀው በልውውጥ ነበር። በ1778 በኒውዮርክ ካለችው ከቼሪ ቫሊ ከልጆቿ ጋር የተማረከችው ጄን ካምቤል የተለቀቀችው፣ አሜሪካኖቹ አልባኒ ይዘዋቸው በነበሩት በእንግሊዙ አዛዥ በጆን በትለር ሚስትና ልጆች ለውጥ ነው። ትንሹን ልጇን ጄምስን ስታገኘው እንግሊዝኛ ጠፍቶት ሞሃውክኛ ብቻ ይናገር ነበር። ይህን ሳነብ ክፍሉ ጸጥ አለ። አማርኛው እየጠፋባቸው ለሚታገሉ ልጆች ነገሩ ሩቅ አይደለም።

የረድል ምሽግ መሪ ልጅ ስቲቨን በ12 ዓመቱ ተማርኮ ከሾኒዎች ጋር፣ በኋላ ታዋቂ የሾኒ መሪ ከሆነው ከቴኩምሴ ጋር አደገ። የተመለሰው ነባር ሕዝቦችና አሜሪካ ሰላም ካወረዱበት ከ1795ቱ የግሪንቪል ስምምነት በኋላ ነው። ቆይቶ ሰባኪ ሆነና ወደ ሾኒዎቹ ዘንድ ሄደ። ቤቱ የትኛው ነው? ክበቡ ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረበት፤ እኔም ዳኛ አልሆንኩም።

በጣም የከበደን የጥቁሮቹ ጉዳይ ነው። ከማርቲን ምሽግ የተማረከችው አግነስ ላፎርስ ሞንትሪያል ሆና ለእንግሊዙ የኩቤክ ገዥ ለሃልዲማንድ አቤት ብላለች። የጠየቀችው አብረዋት ተማርከው ማራኪዎቹ የተከፋፈሏቸው ባሪያዎቿ እንዲመለሱላት ነው። አሜሪካ በ1784 ከነባር ሕዝቦች ጋር የገባችው የፎርት ስታንዊክስ ውልም አራት ነባር ሕዝቦች «ነጭም ጥቁርም» ምርኮኞችን እስኪያስረክቡ ድረስ መያዣ ሰዎች እንዲሰጡ ያዛል። አንዷ ተማሪ «ጥቁሮቹ የሚመለሱት ወዴት ነው?» አለች። አብዛኞቹ ወደ ባርነት ነው። እውነቱን ነገርኳት።

በወላጆች ቀን ልጆቹ ካርታውን ሲያስረዱ፣ በሱዳን በኩል በእግር የወጡ ወላጆች ቀድመው የጠየቁት ስለ ስንቁና ስለ ወረቀቱ ነው። በመጪው ዓመት የእነሱን መንገድ፣ ፈቃደኛ ከሆኑት አንደበት፣ በአማርኛ እንመዘግባለን። መቅጃ ስልክና ደብተር ይዞ የሚመጣ ተማሪ ሁሉ ቦታ አለው።