አረጋውያን በማኅበራዊ ሥራ ትምህርትና ቅጥር ውስጥ ቦታ እንዲያገኙ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር
ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ ለሁለት መሥሪያ ቤቶች በአንድነት የጻፍኩት ጉዳዩ በሁለታችሁ መካከል ወድቆ ስለቀረ ነው። አንደኛው መሥሪያ ቤት ሶሻል ወርክ ብለን በምንጠራው የማኅበራዊ ሥራ ሙያ ወጣቶችን ያስተምራል፤ ሁለተኛው ደግሞ እነዚህ ወጣቶች ሊያገለግሏቸው የሚገቡትን ወገኖች ጉዳይ በኃላፊነት ይዟል። በመካከሉ ግን በዕድሜ የገፉ ዜጎቻችን በትምህርቱም በቅጥሩም ተገቢውን ቦታ ሳያገኙ ቀርተዋል። ጥያቄዬ አጭር ነው። በማኅበራዊ ሥራ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ውስጥ እርጅና ራሱን የቻለ የግዴታ ኮርስና የመስክ ልምምድ ይኑረው፤ ይህን ተምሮ የወጣው ባለሙያም በወረዳ ደረጃ በሙያው የሚቀጠርበት የሥራ መደብ ይኑር። ሁለቱ ተያይዘው ካልሄዱ አንደኛው ብቻውን ውጤት አያመጣም።

እኔ በዚሁ ሙያ ተመርቄ ከአረጋውያን ጋር የምሠራ፣ ለመስክ ልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችንም የምከታተል ባለሙያ ነኝ። በተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ስለ ሕፃናትና ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ወጣት ጥፋተኞች፣ ስለ ኤችአይቪ በስፋት ተምረናል፤ መምህራኖቼንም አመሰግናለሁ። እርጅና ግን ስለ ሰው ልጅ የዕድገት ደረጃዎች በሚሰጠው ኮርስ መጨረሻ ላይ፣ ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል በጥድፊያ የምናልፈው ምዕራፍ ነበር። ዛሬ ወደ እኛ ከሚመጡት ተማሪዎችም ብዙዎቹ ከአያቶቻቸው በቀር ከአንድ አረጋዊ ጋር ቁጭ ብለው ስለ ኑሮው ጠይቀው አያውቁም። ተማሪዎቹን አልወቅስም፤ ያልተማሩትን እንዲያውቁ መጠበቅ አይገባም።

ከአረጋዊ ጋር የሚሠራ ባለሙያ ምን ማወቅ እንዳለበት በዝርዝር ላስረዳ። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ጉዳይ ዕድሜው ራሱ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ዛሬ ስድሳና ሰባ ዓመት ያለፋቸው አብዛኞቹ ሰዎች በተወለዱበት ጊዜ የተመዘገበ የልደት ማስረጃ የላቸውም። ዕድሜ ማስረዳት በሚያስፈልግበት ጊዜ ባለሙያው የክርስትና ወረቀት እንዳለ ይጠይቃል፤ ያ ከሌለ በዘመን ምልክት ያሰላል። በ1953 ዓ.ም. የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ገና ታዝለው ነበር ወይስ ከብት ያግዱ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ሲወርዱ አግብተው ነበር ወይስ ገና ነበሩ፤ ታናሽ ወንድማቸው በስንት ዓመት ይከተላቸዋል፤ እያለ ከአንዱ መልስ ወደ ሌላው ይሄዳል። ዘዴው ሊማሩትና ሊለማመዱት የሚቻል ነው። ያልተማረ ሰው ግን ከፊት መጨማደድና ከወገብ መጉበጥ ተነሥቶ ይገምታል፤ በከባድ ሥራ ያረጀ የአምሳ ዓመት ሰውና በደኅና ኑሮ የቆየ የሰባ ዓመት ሰው ደግሞ በመልክ ሊቀዳደሙ ይችላሉ።

ከዚህ የሚከብደው «ጃጅተዋል» እየተባለ የሚቀርብልን ጉዳይ ነው። ቤተሰብ እናታችን ጃጁ ብሎ ሲመጣ ችግሩ በእርግጥ የመርሳት ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ባል ወይም ልጅ ከሞተ በኋላ የመጣ ድብርትም ሊሆን ይችላል፤ ጆሯቸው ደክሞ ያልተጠየቁትን እየመለሱም ይሆናል፤ በዓይን ሞራ ምክንያት የገዛ ጎረቤታቸውን መለየት ተስኗቸውም ይሆናል። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሣል፤ ድብርት ይታከማል፤ የመርሳት ሕመም ግን ለብዙ ዓመታት የሚዘልቅ በመሆኑ ቤተሰቡን ማዘጋጀት፣ በተለይም የማስታመሙን ሸክም ብቻዋን የተሸከመችውን ሴት ልጅ ወይም ምራት ማገዝ ይጠይቃል። ምርመራው የሐኪም ሥራ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ቤት ለቤት የሚሄደው፣ ጥርጣሬውን አንሥቶ ወደ ጤና ጣቢያ የሚልከው፣ ቤተሰቡንም አስቀምጦ የሚያነጋግረው ማኅበራዊ ሠራተኛው ነው። እሱ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ካለፈው ጉዳዩ እዚያው ያልቃል።

ሌላው ጉዳይ በአደባባይ ለማንሣት የምናፍርበት ነው። ወላጆቻቸውን የሚበድሉ ልጆች፣ ለእንክብካቤ በሚል ሰበብ ገብተው ቤቱን የሚወርሱ ዘመዶች፣ ማንበብ የማይችሉ አባትን የውክልና ወረቀት አስፈርመው ንብረት የሚሸጡ ሰዎች፣ ደባል ሆነው ገብተው ባለቤቷን አዛውንት ወደ ማዕድ ቤት የሚገፉ ሰዎች አሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ልጆች ለተቸገሩ ወላጆቻቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ሕጉ ቢኖርም ልጇን ከመክሰስ ጦሟን ማደር የምትመርጥ እናት ብዙ ናት፤ ልጇ ባለበት ስትጠየቅም «ተመስገን፣ ምንም አልጎደለብኝ» ትላለች። ይህችን እናት ለብቻዋ የሚያነጋግርበትን አጋጣሚ የሚፈጥር፣ የንስሐ አባቷ ወይም የእድሩ ዳኛ መግባት ያለባቸው መቼ እንደሆነ፣ ፖሊስና ፍርድ ቤት ደግሞ መቼ እንደሚያስፈልጉ የሚለይ ባለሙያ ያስፈልጋል። ይህ በቅን ልብ ብቻ አይገኝም። እኔ ራሴ ያገኘሁት ከመማሪያ ክፍል ሳይሆን ከቀደሙኝ የሥራ ባልደረቦቼ ነው፤ እነሱ ባይኖሩ ኖሮ ከማን እማረው እንደነበር አላውቅም።

የመኖሪያ ቤት ጉዳይም ከዚህ የሚለይ አይደለም። በአዲስ አበባ ከነባር ሠፈራቸው ተነሥተው ወደ ኮንዶሚኒየም የገቡ አረጋውያን አሉ። ብዙዎቹ ሕንፃዎች ባለ አራት ፎቅና ሊፍት የሌላቸው በመሆናቸው፣ ጉልበት የሚያማቸው ሰው ላይኛው ፎቅ ከደረሳቸው ለቤተ ክርስቲያንም ለመስጊድም ለለቅሶም መውረድ ያቅታቸዋል፤ ለዓመታት ሲከፍሉበት የኖሩት እድርም በቀድሞው ሠፈር ቀርቷል። የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ በልማት ተነሺዎች ምደባ ላይ ከመጀመሪያው ቢሳተፍ ኖሮ ምድር ቤት የሚሰጠው ለማን እንደሆነና ከነጎረቤቱ አብሮ መነሣት ያለበት ማን እንደሆነ አስቀድሞ ለመናገር ይችል ነበር።

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጡትን ሁለት መልሶች አውቃቸዋለሁ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያ የወጣቶች አገር ናት የሚል ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ73 ሚሊዮን በላይ ከነበረው ሕዝብ ስድሳ ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ከመቶ አምስት ገደማ ነበር። ድርሻው ትንሽ ይመስላል፤ ዛሬ ከ100 ሚሊዮን በላይ በሆነ ሕዝብ ውስጥ ግን ይኸው ድርሻ እንኳ ከአምስት ሚሊዮን ሰው በላይ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ደግሞ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልዳቸው ልጆች በአገር አቀፍ ደረጃ 4.6፣ በአዲስ አበባ ግን 1.8 መሆናቸውን አሳይቷል። የአዲስ አበባ ቤተሰብ ዛሬ ሁለት ልጅ የማይሞላ ከሆነ፣ ከእነሱም አንዱ ወይም አንዷ ወደ ዓረብ አገር ወይም ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ከሆነ፣ ወላጆቹ ሰባ ዓመት ሲሞላቸው ማን ከጎናቸው እንደሚሆን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። መምህር አዘጋጅቶ፣ ኮርስ ቀርጾ፣ የመጀመሪያዎቹን ተመራቂዎች ሥራ ላይ ለማዋል አሥር ዓመት እንኳ ረጅም ጊዜ አይደለም።

ሁለተኛው መልስ ባህላችን አረጋውያንን ያከብራል የሚል ነው። እውነት ነው፤ እኔም በዚህ ባህል ያደግሁ ነኝ። ነገር ግን ጧሪ ቀባሪ ከምንለው ውስጥ ቀባሪው እስካሁን አልጠፋም፤ እድሩ ድንኳኑን ይተክላል፣ ወንበሩን ያወጣል፣ ሬሳውን በክብር ይሸኛል። የሳሳው ጧሪው ነው። የሕዝባችን ርኅራኄ እንዳልነጠፈ በአቶ ቢኒያም በለጠ መሥራችነት የተቋቋመው ሜቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ምስክር ነው፤ ከመንገድ ላይ የወደቁ ወገኖችን የሚያነሣው በአብዛኛው በሕዝብ መዋጮና በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ነው። እንዲህ ያለው ደግነት የሠለጠነ ባለሙያ ሊታከልበት ይገባል እንጂ የባለሙያን ቦታ እንዲሸፍን ሊጠየቅ አይገባም። ደግሞም አብዛኞቹ አረጋውያን የሚኖሩት በማዕከል ሳይሆን በየቤታቸው ነው።

በሰነድ በኩል ጉድለት የለብንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ ሀብት እንዲመድብ ያዛል፤ ከ1998 እስከ 2007 ዓ.ም. የተዘረጋ ብሔራዊ የአረጋውያን የድርጊት መርሐ ግብር ነበረን፤ ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲም አለን፤ የአፍሪካ ኅብረት ስለ አረጋውያን መብት የሚደነግገውን ፕሮቶኮል ያጸደቀውም እ.ኤ.አ. በጥር 2016 በዚሁ በአዲስ አበባ ነው። የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት ለማይችሉ ሰዎች ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል፤ ጡረታ የሌለው ገበሬ፣ ቀን ሠራተኛና ጉልት ቸርቻሪ ተስፋ የሚያደርገው በዚህ ነው። እነዚህ ሁሉ ሰነዶች መጨረሻ ላይ የሚያርፉት በወረዳ ጽሕፈት ቤት በአንድ ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ያ ባለሙያ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ትምህርት የተማረ ነው።

ወደ ቅጥሩ የምመጣው በዚህ ምክንያት ነው። በሥራ ማስታወቂያዎች ላይ ሶሻል ወርክ ከሶሲዮሎጂ፣ ከሳይኮሎጂ፣ አንዳንዴም ከማኔጅመንት ጋር ተደርድሮ «ወይም ተዛማጅ» የሚል ይጨመርበታል። የእነዚህን ሙያዎች ተመራቂዎች አከብራለሁ፤ ብዙዎቹም ጓደኞቼ ናቸው። ነገር ግን ነርስ ለመሆን በተዛማጅ ሙያ መመረቅ አይበቃም። በሰው ቤት ገብቶ የቤተሰብን ገመና የሚሰማ፣ ስለ አንድ ሰው ኑሮ የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርብ ባለሙያም ሊመዘንና ሊጠየቅ የሚችልበት የሙያ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ተማሪዎችም ይህን ያያሉ። ከመቶ ተማሪ ሰባው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲገባ በሚያደርገው፣ ለዓመታት ሲሠራበት በነበረው የ70 በ30 ምደባ ማኅበራዊ ሳይንስ የቀረው ሰው የሚገባበት ተደርጎ ሲታይ ኖሯል፤ ዛሬም ሶሻል ወርክን የመረጠች ተማሪ በቤቷ የምትጠየቀው «ተመርቀሽ የት ልትቀጠሪ ነው» ተብላ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ሊሰጡ የሚችሉት ግን እናንተ ናችሁ።

ለትምህርት ሚኒስቴር አንድ ነገር በተለይ ላሳስብ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና መሰጠት ከጀመረ ወዲህ መምህራንም ተማሪዎችም ትኩረታቸውን ፈተናው ላይ ወደሚወጡት ኮርሶች አድርገዋል። ስለዚህ እርጅና በሥርዓተ ትምህርቱ ቢካተትና በፈተናው ቢቀር በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። የምጠይቀው አዲስ የትምህርት ክፍል እንዲከፈት ወይም የተማሪ ቅበላ እንዲጨምር አይደለም፤ ሥራ ያላገኙ ተመራቂዎች እያሉ ይህን ብጠይቅ ስሕተት ይሆናል። የምጠይቀው ያለው ትምህርት እንዲስተካከል፣ በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃም በእርጅና ላይ የሚያተኩር ዘርፍ ተከፍቶ መምህራን የሚሆኑት ከወዲሁ እንዲዘጋጁ ነው።

የዚህ ሙያ ታሪክም ጥንቃቄ እንድናደርግ ያስገድደናል። የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር። በደርግ ዘመን ተዘግቶ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሁለተኛ ዲግሪ እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ተጨመረ፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቱም ጎንደርን ጨምሮ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፋ። በመካከል የጠፉት ሠላሳ ያህል ዓመታት መምህር በመምህር ሳይተካ ያለፈባቸው ናቸው። ከመዘጋቱ በፊት የተመረቁት ባለሙያዎች ዛሬ ራሳቸው አረጋውያን ሆነዋል፤ በሕይወት ያሉትን ጠርቶ ምክራቸውን መስማት ለኮርሱ ዝግጅት ትልቅ ጥቅም ይኖረዋል።

ስለዚህ ሁለቱ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ክፍሎችን፣ የኢትዮጵያ አረጋውያንና ጡረተኞች ብሔራዊ ማኅበርን እንዲሁም የኢትዮጵያ የሶሲዮሎጂስቶች፣ የሶሻል ወርከሮችና የአንትሮፖሎጂስቶች ማኅበርን ያካተተ አንድ የጋራ የሥራ ቡድን እንዲያቋቁሙ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቡድኑ የኮርሱን ይዘት፣ የመስክ ልምምዱን ቦታና የወረዳውን የሥራ መደብ በአንድ ሰነድ አዘጋጅቶ ለሚቀጥለው የሥርዓተ ትምህርት ክለሳ ቢያደርስ፣ ሰነዱም ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ውይይት ቢቀርብ ደስ ይለኛል። በመስክ ልምምድ በኩል ተማሪዎችን ተቀብለን ለመከታተል እኔም ሆንኩ አብረውኝ የሚሠሩ ባለሙያዎች ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ከአረጋውያን ጋር የምሠራ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ
አዲስ አበባ