የድጋፍ ጥሪ፦ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ትንፋሻቸው ለሚደክም ልጆች የሌሊት ነርስ እንቅጠር

ወገኖቻችን፣ በሰሜን ሸዋ ለጀመርነው የቤት ለቤት የነርስ እንክብካቤ እጃችሁን ዘርጉልን። ልጆቹ ቀን ይጫወታሉ፤ ሲተኙ ግን አንጎላቸው ትንፋሽን በቅጡ ማዘዙን ይተዋል። ሕመሙ ኮንጀኒታል ሴንትራል ሃይፖቬንቲሌሽን ሲንድሮም ይባላል፤ አብሮ የሚወለድና ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ነው።

ሊረዳ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ «ኦክስጅን እንግዛ» ይላል። ኦክስጅን ብቻውን ጣት ላይ የሚሰካው መለኪያ የሚያሳየውን ቁጥር ያሳምራል እንጂ ልጁን አያስተነፍሰውም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደሙ ውስጥ ይጠራቀማል። ልጁ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው ታፍኖ አይባንንም። የሚያስፈልገው አንገቱ ላይ በተከፈተው ቱቦ አየር የሚሰጠው ቬንትሌተርና ነቅቶ የሚያድር ሰው ነው።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ቆፈን ነው። በቱቦ የሚገባ አየር በአፍንጫ ስለማያልፍ አይሞቅም፣ አይረጥብም፤ አክታው ይደርቅና ቱቦውን ይደፍናል። ነርሷ ለ4.0 ሚሊሜትር ቱቦ ቁጥር 8 ካቴተር (አክታ መምጠጫ ቀጭን ቱቦ) ትመርጣለች፤ በለካችው ልክ አስገብታ ስታወጣ ብቻ ትመጥጣለች፣ ከ10 ሰከንድም አታሳልፍም። ካቴተሩ ከልኩ ካለፈ የአየር ቧንቧውን ያደማል። መምጠጡ ካልከፈተው ቱቦው ወዲያው ይቀየራል፤ ለዚህም አንድ እኩያ፣ አንድ በግማሽ ቁጥር የሚያንስ ቱቦና አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ከረጢት) ከራስጌ አይጠፉም።

ለብርዱ ብሎ ከሰል ማስገባት ክልክል ነው። የከሰሉ ጋዝ ደም ውስጥ ሲገባ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ (ፐልስ ኦክሲሜትሩ) ኦክስጅን ይመስለውና ሳይጮህ ያድራል። ቡናውም ከነዕጣኑ ሌላ ክፍል ይፈላ።

መብራት ሲጠፋስ? 50 ዋት የሚወስድ ቬንትሌተር በ12 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት የአሲድ ባትሪ 10 ሰዓት ያህል ይሠራል፤ ይህም ባትሪው ቶሎ እንዳይሞት ግማሹን ብቻ ተጠቅመን፣ የኢንቨርተሩን ብክነት ቀንሰን ነው። የእርጥበት ማሞቂያው ከተጨመረ እስኪነጋ ላይደርስ ስለሚችል እሱን ነቅለን በምትኩ የትንፋሹን ሙቀትና እርጥበት ይዞ የሚመልሰውን፣ ሰው ሠራሽ አፍንጫ የሚባለውን ዕቃ እንሰካለን።

ገንዘባችሁ በቅድሚያ ለሌሊት ነርሶች ደመወዝ ይውላል። ማሽን ለጋሽ አያጣም፤ ማሽኑ ሲጮህ የሚነሣ ሰው ነው የሚጠፋው። እናት ቀኑን ስትሮጥ ውላ ሌሊቱን ሁሉ ነቅታ አትዘልቀውም። ነርሷ ከየቤቱ ሁለት ሰው ቱቦ መቀየርና በአምቡ ማስተንፈስ እስኪለምድ ታሠለጥናለች።

በዕቃ ለምትረዱ፦ ቁጥር 6፣ 8 እና 10 ካቴተር፣ ሰው ሠራሽ አፍንጫ (በየ24 ሰዓቱ ስለሚቀየር ቶሎ ያልቃል)፣ የእግር ሰክሽን (በእግር እየተረገጠ አክታ የሚመጥጥ መሣሪያ)፣ ባትሪ። በየዕድራችሁ አስመዝግቡ፤ ደረሰኝ ይቆረጣል። ማሸጊያው የተከፈተ ወይም ጊዜው ያለፈበት ካቴተር ግን አንቀበልም።